ተራራው የያዘው ውሃ፦ ከመንዝ ጓሳ እስከ ጀማ ሸለቆ

በጓሳ አናት ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች እስከ መጨረሻው ላይገናኙ ይችላሉ። ወደ ምሥራቅ ያዘመመው በገደሉ ተንደርድሮ ወደ ቆላው ሜዳ ይወርዳል፤ አዋሽን ተቀላቅሎ አፋርን ያቋርጥና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ደግሞ በአዳባይ ወይም በወንጪት አድርጎ ጀማ ይገባል። ጀማም የመርሐ ቤቴን ግርጌ እየቦረቦረ ከዓባይ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉዞ ሁሉም ያውቀዋል። ከጓሳ አካባቢ የሚነሱት ምንጮችና ጅረቶች ከሃያ በላይ ናቸው። አንድ ተራራ ሁለት ተፋሰስ ይቀልባል ማለት ነው።

መንዝ በወንዝ የታጠረ አገር ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ የመንዝን ወሰን ሲያመለክት በደቡብ ሞፈርን፣ በምዕራብ አዳባይንና ወንጪትን፣ በሰሜን ቀጨኔን፣ በምሥራቅ ደግሞ ደጋውን ከቆላው የሚለየውን የተራራ ሰንሰለት ይጠቅሳል። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር በዚህ አጥር ውስጥ ናቸው። ግሼ በሰሜን፣ መርሐ ቤቴ በምዕራብ ይቀጥላሉ። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ዘመድ ከዘመድ ይቆራረጣል፤ በበጋ ደግሞ በዚያው ወንዝ ውስጥ ከብት ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይሻገራል። የዚህ አገር ዋና ጥያቄ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፦ በነሐሴ አላሻግር ያለው ውሃ በግንቦት ስንቱ ይተርፋል?

ጥያቄው የአንድ ሰው አይደለም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚተክለው ገበሬ ኅዳር ላይ ማወቅ ይፈልጋል፤ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የቀን ሠራተኛውን የሚከፍለው ያኔ ነውና። መንዝ ላይ ጀሪካን አዝላ ምንጭ የምትወርደው ሴት ማወቅ ትፈልጋለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በይፋ የተመረቀውን፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውን የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚያንቀሳቅሰው መሐንዲስም ማወቅ ይፈልጋል፤ ጀማ የሚገባው ከግድቡ በላይ ነው።

በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ መሐንዲስ አልነበረም። ጄምስ ቸርች በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላቲንና የጥንታውያን ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። ተራራ መውጣት ይወድ ስለነበር በክረምት ማውንት ሮዝ የተባለውን ተራራ ይወጣ ጀመር፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻም እዚያው አናቱ ላይ የአየር ሁኔታ መመልከቻ አቋቋመ። በተራራው ግርጌ ታሆ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። በዚያ ሐይቅ ውሃ ላይ የኃይል ማመንጫ ኩባንያው፣ የዳርቻው ባለ ይዞታዎችና ከታች ያሉት መስኖ ተጠቃሚዎች ይካሰሱ ነበር፤ የሐይቁን መውጫ በር አስቀድመው ከከፈቱት ውሃው በከንቱ ይሄዳል፣ ካዘገዩት ዳርቻው ይጥለቀለቃል። ቸርች ያደረገው ነገር ቀላል ነው። ባዶ የብረት ቱቦ በረዶው ውስጥ እስከ መሬቱ ይሰካል፣ የያዘውን በረዶ እንዳለ አውጥቶ ይመዝነዋል። የበረዶው ጥልቀት ሊያታልል ይችላል፤ አዲስ የወረደ በረዶ እንደ ጥጥ የሳሳ ነው። ክብደቱ ግን አይዋሽም፤ ቢቀልጥ ስንት ጣት ውሃ እንደሚሆን ይናገራል። ቸርች የደረሰበት ድምዳሜም እንዲሁ ቀጥተኛ ነበር፦ በተራራው ላይ ያለው የበረዶ ውሃ ከመደበኛው 80 በመቶ ከሆነ ወንዙም በበጋ ከመደበኛው ወደ 80 በመቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1910 ገደማ ጀምሮ የሐይቁን ከፍታ በዚህ መንገድ አስቀድሞ እየተናገረ ጠቡን አበረደ። በ1935 የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ሥራውን አገር አቀፍ አደረገው። ዛሬ በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ከዘጠኝ መቶ በላይ ጣቢያዎች በራሳቸው ይለካሉ፤ አሁንም ግን ገበሬውም ግድብ ጠባቂውም ዓይኑን የሚጥለው በየዓመቱ ኤፕሪል 1 ቀን በሚወሰደው ልክ ላይ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ቱቦው አይደለም። ቸርች ሰማዩን ለመተንበይ አልሞከረም። መጪው ወር ይዘንብ ይሆን ብሎ አልተጨነቀም። ተራራው አሁን የያዘውን ነው የለካው፤ ትንበያው ከዚያ ተከተለ።

እኛ አገር ይህ እንዴት ይሆናል? በረዶ እንደ ነጭ ጋቢ ለብሶ የሚከርም ተራራ የለንም። ኮስማስ የተባለው ግሪክኛ ጸሐፊ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ አይቶ በገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ በረዶ እስከ ጉልበት በሚደርስበት የሰሜን ተራራ እንደዘመተ ይናገራል። ዛሬም ራስ ዳሽን አናት ላይ አንዳንድ ጧት ነጣ ብሎ ይታያል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። መንዝ ላይ የሚወርደው በረዶ ደግሞ ሌላ ነው፤ በነጎድጓድ መጥቶ ገብሱን አድቅቆ፣ በአንድ ጀንበር ቀልጦ የሚሄድ ጠላት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት የሚጥለው ውርጭና አመዳይም ማሳ ያቃጥላል እንጂ ውሃ አያጠራቅምም።

ታዲያ ክረምት ካለፈ ከአራት ከአምስት ወር በኋላም ከጓሳ ሥር ምንጭ የሚፈሰው ከየት ነው? ከዚያው ከተራራው ነው። ተራራው ግን ውሃውን የሚይዘው ከላዩ ሳይሆን ከውስጡ ነው።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የሣር ምድር ነው። የጭላዳ ተመራማሪዎች እዚያ ለዓመታት በለኩት መሠረት ዝናቡ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ብዙም የማይርቀው ደብረ ብርሃን ከ1,000 ያነሰ ነው የሚያገኘው። ወደ ሣሩ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጓሳ የሚባለው ሣር እየተሰባሰበ በጉብታ በጉብታ ይበቅላል። የአንዱ ዓመት ቅጠል ሲደርቅ ከሥሩ ተኝቶ ለአዲሱ ፍራሽ ይሆናል። ጧት ጉም ከቆላው እየተጎተተ ሲወጣ እያንዳንዱ ቅጠል ጫፉ ላይ ጠብታ ይቋጥራል፤ ጠብታው በቅጠሉ ቁልቁል ተንሸራቶ እጉብታው መሐል ይገባል። እጅ ወደ ሥሩ ቢሰደድ፣ ላዩ በደረቀበት በታኅሣሥ እንኳ፣ የሚነካው ጥቁር አፈር ይበርዳል፣ ይርሳል። በጉብታዎቹ መካከል ጅብራና አስታ ይቆማሉ፤ ዝቅ ባለው ቦታ ረግረጉ ዓመቱን ሙሉ እግር ያሰምጣል። ዶፍ ሲወርድ ውሃው እንዳይንደረደር የሚያግደው፣ ወደ አለቱ ስንጥቅ ቀስ እያለ እንዲሰርግ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ሁሉ ነው። የመንዝ የውሃ ጎተራ ይህ ነው።

አባቶች ይህን ጎተራ ሲጠብቁ የኖሩት በቄሮ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል፤ አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች አገሩን ተከፋፍለው፣ ጓሳውን ግን ለትውልዳቸው በጋራ አጽመ ርስት አድርገው እንዳስቀሩት። ጓሳውን የሚጠብቅ የየወገኑ አለቃ፣ አባ ቄራ የሚሉት፣ ይመረጣል። ጓሳው ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ደርሷል ሲባል በበጋ ይከፈትና ሰዉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል፤ ከብቱንም ያሰማራል። ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ድርቅ ሲበረታ ግን ከቀኑ በፊትም ሊከፈት ይችላል። ሥርዓቱን በዝርዝር ካጠኑት አንዱ ዘላለም ተፈራ ነው፤ የእርሱ ትኩረት የጋራ ሀብት አስተዳደርና የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ነበር። እኔ ደግሞ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ የውሃ ትንበያም አያለሁ። አባ ቄራው በየዓመቱ ወጥቶ የሣሩን ቁመት፣ የመሬቱን እርጥበት፣ የምንጩን ሁኔታ ሳያይ «ይከፈት» አይልም ነበር። ያየውን በቁጥር አልጻፈውም እንጂ፣ ውሳኔው ተራራው በያዘው ላይ የተመሠረተ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሥርዓትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳው የመንግሥት መሬት ተባለ፣ ማንም እየገባ ያጭድ ጀመር። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ፤ በኋላም ጓሳ በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ታወቀ። በዚህ መካከል ያለፉትን ዓመታት ሳስብ ስንት የምንጭ ውሃ አብሮ እንደሄደ የሚናገር መዝገብ ባለመኖሩ ያንገበግበኛል።

ጊዜን በመቁጠር ረገድ ቤተ ክርስቲያንም የራሷ መዝገብ አላት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ ውስጡም ይከፋፈላል። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ያለው የዘርዕና የደመና ጊዜ ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ነው፤ ወንዞች የሚታሰቡት ያኔ ነው ማለት ነው። ይህን ከወንዝ መለኪያ ጋር አስተያይቼ አይቼዋለሁ። ሰኔና የሐምሌ መጀመሪያ ዝናብ ቢኖርም ወንዙ ገና ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ ይነሳል፤ ዓባይ ጣሪያ የሚነካው በነሐሴ ነው። ሊቃውንቱ ዘሩን ከደመናው ጋር፣ ወንዙን ከዚያ ቀጥለው ያስቀመጡት ያለ ነገር አይደለም። ሰማዩ ሰጥቶ ወንዙ እስኪሞላ ድረስ በመሐል የሚያልፍ ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ምን ሲሠራ እንደሚያልፍ በኋላ እመለስበታለሁ።

የእኛን ውሃ በቁጥር ለመያዝ የቀደሙት ግን ታች ያሉት ናቸው። ካይሮ ውስጥ በሮዳ ደሴት የቆመው የውሃ ልክ ዓምድ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ ሲሆን፣ የዓባይ ሙላት መዝገብ ግን እስከ 622 ወደ ኋላ ይሄዳል። ውሃው አሥራ ስድስት ክንድ ሲደርስ የግብር ዓመት ይሆናል፤ ሳይደርስ ሲቀር ረሀብ ይፈራል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሙላቱ ሲቀር የግብፁ ገዢ ፓትርያርኩን ወደ ኢትዮጵያ ላከ የሚል ታሪክ በዓረብኛ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። እዚህ ላይ ክረምት ውሃ ስናጣ እዚያ ግብር ይቀንስ ነበር። በቅርቡ ዘመንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. የ1913 ክረምት፣ ማለትም ምኒልክ ከማረፋቸው ጥቂት ወራት በፊት የነበረው የ1905 ዓ.ም ክረምት፣ በዓባይ መዝገብ ውስጥ እጅግ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሄንሪ ላየንስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1906 የዓባይን ተፋሰስ የሚያብራራ ትልቅ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ሃሮልድ ኸርስት ደግሞ በዚያው ዓመት ግብፅ ገብቶ ዕድሜ ልኩን የወንዙን ቁጥር ሲሰበስብ ኖረ። ሁለቱም ከሙላቱ ጀርባ ያለው የኢትዮጵያ ደጋ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ቁጥራቸው ግን ካርቱምና ካይሮ ላይ የተለካ ነው።

የራሳችን መለኪያ በብዛት የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1963 የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ባካሄደው የዓባይ ጥናት ነው። በ1964 የወጣው ባለ 17 ቅጽ ዘገባ ካራዶቢን፣ ማቢልን፣ መንዳያንና የድንበሩን ግድብ የጠቆመው ነው፤ ሕዳሴ የቆመው ከድንበሩ ቦታ ብዙም ሳይርቅ ነው። ግድቦቹ ስማቸው ገነነ። የዚያ ጥናት ጸጥተኛ ቅርስ ግን በየወንዙ ዳር የተተከሉት የውሃ ልክ መለኪያዎች ናቸው ባይ ነኝ። ከጊዜ በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ በበሬሳ፣ ለሚ አጠገብ በሮቢ ጉመሮ ላይ የቆሙት የዚሁ ሥራ ተከታዮች ናቸው።

መለኪያው ቀለም የተቀባ፣ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ቋሚ ሰሌዳ ነው። ጧት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት አንድ ሰው ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ የውሃው ልክ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ አይቶ ቅጽ ላይ ይጽፋል። ብዙውን ጊዜ የወንዙ አቅራቢያ ነዋሪ ነው፤ ክፍያውም ትንሽ ነው። ከፍታው ብቻውን ፍሰት አይደለም። ባለሙያ እየመጣ የውሃውን ፍጥነትና የወንዙን ስፋት ለክቶ፣ ይህን ያህል ከፍታ ይህን ያህል ፍሰት ነው የሚል ሰንጠረዥ ያወጣል። ችግሩ ወንዙ በየክረምቱ አሸዋና ድንጋይ እያመጣ ወለሉን ይለውጠዋል፤ ሰንጠረዡ ካልታደሰ አንባቢው በትክክል ያነበበው ቁጥር የተሳሳተ ፍሰት ይሰጣል። ትልቅ ሙላት ሲመጣ ሰሌዳውን ራሱን ነቅሎ ይወስደዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው የዚያ ቀን ቁጥር መዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በዚህ አገር የውሃ ታሪክ ውስጥ እነዚያን ቅጾች ለአሥርት ዓመታት ጧትና ማታ የሞሉትን ሰዎች ያህል የተረሳ ባለውለታ አላውቅም።

ከወንዝ ወደ ሰማይ የዞርነው በድርቅ ምክንያት ነው። የብሔራዊ ሜትሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። የ1977 ዓ.ም ረሀብ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ድርጅቱ ወቅቶችን አስቀድሞ መተንበይ ጀመረ። መሠረቱ ሩቅ ነው፤ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚሉት ማለት ነው፣ የእኛ ክረምት በብዙ ቦታ ይሳሳል። ሱዳናዊው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ምሁር ኤልፋቲህ ኤልታሂር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጥናት የዓባይ ዓመታዊ ፍሰት መለዋወጥ አንድ አራተኛ ያህሉ ከኤልኒኞ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። አንድ አራተኛ ቀላል አይደለም፤ ሦስት አራተኛው ግን ከሌላ ቦታ ነው። ድሪባ ኮሬቻና አንቶኒ ባርንስተን በ2007 የክረምቱን ተገማችነት መረመሩ፤ ድሪባ ከአስጌር ሶርተበርግ ጋር በ2013 የአገሪቱን ይፋ ትንበያ ራሱን ሲፈትሹ፣ ትንበያው ወደ «መደበኛ» እንደሚያደላና ከመደበኛ በታች የሆኑትን ወቅቶች ለመናገር እንደሚቸገር አገኙ። አንድ ተቋም የራሱን ትንበያ እንዲህ በአደባባይ ሲፈትሽ ማየት ያስከብረዋል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቱፋ ዲንቁና ባልደረቦቹ ደግሞ የጣቢያ ልክና የሳተላይት ምስልን አጣምረው ጣቢያ ለሌለበት ሸለቆ ሳይቀር የዝናብ መዝገብ አዘጋጅተዋል።

መንዝ ላይ ግን ሌላ ችግር አለ፤ መንዝ የበልግ አገር ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው በልግ የገብሱን ዘር ያወጣል፣ የደረቁትን ምንጮች ያነቃል። በልግ ከክረምት ይልቅ አመለኛ ነው፤ ኤልኒኞ ክረምትን በሚነግርበት መንገድ በልግን አይነግርም። በ2000 ዓ.ም እንደሆነው በልግ ሲቀር መንዝ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ገብስ አይኖርም፤ ከቀድሞው ክረምት የተረፈው የምንጭ ውሃም ምንም ሳይታከልበት እስከ ሰኔ መድረስ ይኖርበታል። የትንበያ ሰዎች ስለ ሰማይ የሚሉት በሳሳ ቁጥር፣ ተራራው የያዘውን ማወቅ ይበልጥ ይፈለጋል።

ይህ እንዴት ይታወቃል ለሚለው መልሱ ከመንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አጠገብ ይገኛል። አንዲት ጥድ ይባላል። የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሃንስ ሁርኒ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሠረተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ውስጥ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1982 ተቋቋመ። ተፋሰሱ 477 ሄክታር ብቻ ነው፤ ከ3,000 ሜትር ተነስቶ ከ3,500 ያልፋል፤ የሚፈስሰውም ሁለት ወንዝ የተባለው ጅረት ነው። እዚያ ዝናቡ በየቀኑ ተለካ፣ የውሃው ከፍታ በየጊዜው ተመዘገበ። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ የጣቢያው ሠራተኛ ጅረቱ መደፍረስ ከጀመረበት ቅጽበት አንስቶ በየአሥር ደቂቃው አንድ አንድ ሊትር እየቀዳ፣ አፈሩን አጣርቶ፣ አድርቆ ይመዝን ነበር፤ በብርድ፣ በጉምና በሌሊት ሳይቀር። ከዚያ ጣቢያና ከእኅቶቹ፣ ከወሎው ማይባርና ከጎጃሙ አንጀኒ፣ የተጠራቀመው መዝገብ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ካለን የውሃ መረጃ ሁሉ እጅግ ውዱ ነው እላለሁ።

ጌቴ ዘለቀና እንየው አድጎ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ታሞ ስቴንሁዊስና ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህን መዝገብ ገልጦ አየው። ያገኙት ነገር ግልጽ ነው። በክረምቱ መጀመሪያ የሚወርደው ዝናብ ወደ ወንዝ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው፤ መሬቱ ይጠጣዋል። ፀሐይና ተክል የወሰዱት ተቀንሶ የተጣራው ዝናብ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ከሚጨመረው ገደማ ግማሹ በቀጥታ ወንዝ ይሆናል። ሦስቱም ተፋሰሶች፣ ርቀታቸውና ቁልቁለታቸው ቢለያይም፣ በዚህ ተመሳሰሉ። ገበሬው «መሬቱ ጠገበ» የሚለው ይህን ነው። በዘርዕና ደመና እና በአፍላግ መካከል ያለው ጊዜም የሚያልፈው መሬቱ ሲጠግብ ነው። በሐምሌ መግቢያ እና በነሐሴ አጋማሽ አንድ ዓይነት ዶፍ ቢወርድ የመጀመሪያው ጅረቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ድልድይ ያሻግረዋል። ልዩነቱ ከሰማይ ሳይሆን ከመሬቱ ነው።

እንግዲህ ቸርች በቱቦው ከበረዶው ያገኘውን እኛ ከአፈሩ ማግኘት እንችላለን። አንደኛው መንገድ ለሙላት ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡን እየደመሩ መሬቱ ለመጥገብ ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ። ደንበኛ የዝናብ መለኪያና እስክሪብቶ ይበቃዋል። የጀማና የወንጪት ተሻጋሪዎች፣ በቆላው ያሉ የመስኖ ጠላፊዎች፣ የግድቡ ሰዎች ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣውን ዶፍ በሌላ ዓይን ሊያዩት ይችላሉ።

ሁለተኛው ለበጋ ነው፤ ለእኔ የበለጠ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። ክረምት ካለፈ በኋላ ከተራራ ሥር የሚወጣ ምንጭ አቀናነሱ ሥርዓት አለው። በእኩል ጊዜ በእኩል መጠን ሳይሆን በእኩል ድርሻ ይቀንሳል። እንበል አንድ ምንጭ በጥቅምት በሴኮንድ 10 ሊትር ቢሰጥና በታኅሣሥ 7 ሊትር ቢሆን፣ በየሁለት ወሩ ከነበረው ሰባት አሥረኛው ይተርፋል ማለት ነው፤ ስለዚህ በየካቲት ወደ 5፣ በሚያዝያ ወደ 3 ተኩል ሊትር ይጠበቃል። በልግ ከገባ ይጨምራል፤ ከቀረ ይህ ነው። እያንዳንዱ ምንጭ የራሱ ድርሻ አለው፤ ከጥቅጥቅ ጓሳ ሥር የሚወጣው ቀስ ብሎ ይቀንሳል፣ ከታረሰ ዳገት ሥር የሚወጣው ቶሎ ይነጥፋል። ጥቂት ዓመት የተለካ ምንጭ ድርሻው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የተወሰደ ልክ የስድስት ወሩን ይናገራል።

ይህን ሥራ ለመጀመር ሳተላይት አይጠበቅም። ለአንድ ምንጭ የሚያስፈልገው ልኩ የታወቀ ባልዲ፣ ሰዓትና ደብተር ነው፤ ውሃውን በቦይ ሰብስቦ ባልዲው እስኪሞላ ሴኮንድ መቁጠር ነው። ወፈር ላለው ጅረት የብረት መለኪያ በር ይበቃል። ሰው የሚያሰማራው የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ደብተሩን ሰብስቦ የሚያሰላው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። ጓሳን የሚጠብቁት ሰዎች ቦታውን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል፤ የትኛው ምንጭ ሚያዝያን እንደሚያልፍ፣ የትኛው ጥር ላይ እንደሚሞት በስሙ ይጠሩልሃል። አሜሪካኖቹ ኤፕሪል 1ን እንደያዙት እኛም ቀን መቁረጥ አለብን፤ መስከረም 26 ይመቻል። ክረምቱ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ባለቀ ማግስት ነው፣ የደጋው ዝናብም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይወጣል። ሁለተኛው ልክ ታኅሣሥ 26 ቀን ይወሰድ።

ቁጥሩ ግን ቢሮ ውስጥ ከቀረ ድካሙ ከንቱ ነው። በቆላው የመስኖ ቦዮች ላይ ፈረቃ የሚያወጣው የውሃ አባት ዛሬ የሚወስነው ባለፈው ዓመት ባየው ነው፤ ኅዳር ላይ ውሃው የበቃ ይመስልና ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል፤ መጋቢት ላይ በተራ ምክንያት ጠብ ይነሳል፣ ማሳ ግማሹ ይደርቃል። የመስከረም 26ቱ ልክ እስከ ኅዳር መግቢያ ከደረሰው ግን ስንት ጥማድ ሽንኩርት፣ ስንት ጥማድ አነስ ያለ ውሃ የሚበቃው ማሾ እንደሚዘራ ገና ሳይተከል ሊነጋገሩበት ይችላሉ። መርሐ ቤቴ ላይ በጀማ ዳር ያሉትም ፓምፓቸውን የት እንደሚተክሉ፣ የውሃው ልክ በሚያዝያ ስንት ክንድ እንደሚሸሽ ያውቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ቁጥር ይሳሳታል፤ ቸርችም ዓመታት ፈጅቶበታል። ባለፈው መስከረም ያልተለካውን ውሃ ግን ማንም ተመልሶ ሊለካው አይችልም።